ካሪቩርስት የማን ነው? ስለ ጀርመኖች የቋሊማ ክርክር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በርሊን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ካሪቩርስት ያልሰማሁት ክርክር የለም። ሥራ ቦታ ሰምቻለሁ። ባቡር ውስጥ ሰምቻለሁ። የጎረቤት ልጅ ልደት ላይ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ሃምቡርግ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ምሳ ላይ አንድ ሰው "ካሪቩርስት የበርሊን ነው" ካለ ሹካውን ያስቀምጥና ክርክሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁሉም እየሳቀ ነው የሚከራከረው፣ ግን ማንም አይሸነፍም። አዲስ የሚመጡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ካሪቩርስት ምንድን ነው?

የተጠበሰ ቋሊማ ነው። ተቆራርጦ የወረቀት ሳህን ላይ ይደረጋል፣ ቀይ የቲማቲም ሶስ ይፈስበታል፣ ከላይ የካሪ ዱቄት ይነሰነስበታል። ከድንች ጥብስ ወይም ከትንሽ ዳቦ ጋር ይመጣል። መንገድ ዳር ቆማችሁ በትንሽ ሹካ ትበሉታላችሁ። በቃ ይኸው ነው።

"ቩርስት" በጀርመንኛ ቋሊማ ማለት ነው። እኛ ቋሊማ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ቅመም ገብቶበት የደረቀውን የበሬ ሥጋ ነው። የነሱ ይህኛው ግን ለስላሳ ነው፤ ሥጋው በደንብ ተፈጭቶ ትኩሱን ነው የሚበላው። በርሊን ውስጥ የነበረው የካሪቩርስት ሙዚየም ጀርመን ውስጥ በዓመት 800 ሚሊዮን ያህል ይበላል ይል ነበር። ስለዚህ የክርክሩ ተሳታፊ አገሩ በሙሉ ነው።

ታዲያ የሚከራከሩት ምኑ ላይ ነው?

መጀመሪያ የሠራው ማን ነው በሚለው ላይ። በርሊን "እኛ" ትላለች። ሃምቡርግ "ከናንተ በፊት እኛ" ትላለች። በምዕራብ በኩል ያለው የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር፣ ሩር የሚሉት፣ "እናንተ ተከራከሩ፣ እውነተኛው ያለው እኛ ጋ ነው" ይላል።

በርሊኖች ምን ማስረጃ አላቸው?

ስም አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ ቦታ አላቸው፣ ወረቀትም አላቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስሙ ወይዘሮ ሄርታ ሆይቨር ነው። የተወለዱት ጁን 30 ቀን 1913 ኮኒግስበርግ ነው። ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ትባላለች፣ ሩሲያ ውስጥ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሊን ውስጥ ሻርሎተንቡርግ የሚባለው ሰፈር፣ የካንት ጎዳና እና የካይዘር ፍሪድሪሽ ጎዳና የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ትንሽ የመብል መሸጫ ነበራቸው። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ኢምቢስ ይሉታል።

ጊዜውን አስቡት። ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚገባውን የመኪናና የባቡር መንገድ ዘግተው፣ ከተማው ከጁን 1948 እስከ ሜይ 1949 ድረስ ድንች እና ከሰል ሳይቀር በአውሮፕላን ሲጫንለት ነው የከረመው። መንገዱ ከተከፈተ ገና አራት ወር አልሞላውም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1949 ዝናብ ነበር፣ ገበያ አልነበረም። ወይዘሮ ሄርታ ከቲማቲም፣ ከካሪ፣ ከፓፕሪካ እና እንግሊዞች ዉስተርሻየር ከሚሉት ጥቁር ሶስ ጋር ሲሞክሩ ቆዩ፣ ከዚያም በተጠበሰ ቋሊማ ላይ አፈሰሱት። ታሪኩን የምናውቀው ከራሳቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይለዋውጡ ተናግረውታል።

ሶሱን "ቺሉፕ" ብለው ሰየሙት። ቺሊ እና ኬቻፕ የሚሉትን ቃላት አጋጥመው ነው። ስሙን በ1959 ሙኒክ በሚገኘው የፓተንት (የፈጠራ መብት) መሥሪያ ቤት አስመዘገቡት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው "ፓተንት አላቸው" ይላል፣ ልክ አይደለም። የተመዘገበው የንግድ ምልክት ነው። ወረቀቱ የሚጠብቀው ስሙን እንጂ ሶሱን ቋሊማ ላይ ማፍሰስን አይደለም። በርሊናዊ ጓደኛችሁ ፓተንት ካላችሁ በጨዋነት አርሙት።

ንግዱ ሲሰፋ እዚያው ሰፈር ቤት ከፍተው ሌሊትና ቀን ይሸጡ ነበር። ያረፉት በ1999 ጁላይ ወር ላይ ነው። አሠራሩን ለማንም አልሰጡም። በተወለዱ በመቶ ዓመታቸው፣ በ2013፣ ጎግል የጀርመን የመጀመሪያ ገጹን በሳቸው ሥዕል አስጊጦ ነበር። ቆመው ቋሊማ ሲሸጡ ለኖሩ ሴት እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ማየት እኔን በጣም ደስ ይለኛል። ምግብ የፈጠሩ ሴቶች አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም። የሳቸው ታወቀ።

ሃምቡርጎችስ ምን ይላሉ?

የሃምቡርጎች ክርክር ከልቦለድ ነው የሚነሳ። ይህን ስነግራቸው ሰዎች አያምኑኝም።

ኡቨ ቲም የሚባል ደራሲ አለ። በ1940 ሃምቡርግ ነው የተወለደው። በ1993 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ውስጥ ሌና ብሩከር የምትባል የሃምቡርግ ሴት አለች። በጦርነቱ የመጨረሻ ቀናት ከባሕር ኃይል የከዳ ወጣት ቤቷ ትደብቃለች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ለመብል መሸጫዋ ዕቃ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ትደናቀፋለች። የኬቻፑ ጠርሙስ ይሰበራል፣ ካሪው ይደፋል፣ ይደባለቃሉ። ስትቀምሰው ይጥማታል። በ2008 ፊልምም ተሠርቶበታል።

ሌና ብሩከር የፈጠራ ሰው ናት። ይህን ሃምቡርጎችም ያውቃሉ። ክርክሩ የሚጦፈው ግን ደራሲው ራሱ በተናገረው ነው። እሱ ልጅ ሆኖ በ1947 ሃምቡርግ ግሮስኖይማርክት የሚባለው አደባባይ ላይ ካሪቩርስት በልቻለሁ ይላል። 1947 ማለት ከወይዘሮ ሄርታ ዝናባማ ቀን ሁለት ዓመት ይቀድማል።

ባልደረባዬ ይህን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። "የሰባት ዓመት ልጅ የበላውን ይረሳል እንዴ? ያውም ረሃብ በነበረበት ጊዜ?" ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄው ይከብደኛል። ተርቦ የሚያውቅ ሰው የጣፈጠውን የመጀመሪያ ጉርሻ ቶሎ አይረሳም። በሌላ በኩል የልጅነት ትዝታ ዓመት ያሳክራል፤ 47 ይሁን 50 በትክክል መለየት ከባድ ነው። በርሊኖች መልሰው የሚሉትም ይህንኑ ነው።

የሩር ሰዎችስ?

ሩር ማለት ቦኹም፣ ኤሰን፣ ዶርትሙንድ፣ ዱይስቡርግ ያሉበት አካባቢ ነው። እነሱ ከቀን ይልቅ ከአበላል ነው የሚነሱት። ካሪቩርስት የማዕድን እና የፋብሪካ ሠራተኛ ምግብ ነው፣ ስለዚህ የኛ ነው ይላሉ። ቋሊማቸውም ይለያል፤ በርሊን ላይ ቀድሞ የተቀቀለ ቋሊማ ነው ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው፣ እነሱ ግን ከሰል ወይም ብረት ላይ የሚጠበሰውን ብራትቩርስት ይወስዳሉ። አብሮት የሚመጣውን ድንች ጥብስ ኬቻፕ እና ማዮኔዝ ካደረጉበት "ማገጃ" ብለው ይጠሩታል። ቀይና ነጭ ስለሆነ የባቡር ማቋረጫ ላይ ያለውን ማገጃ ይመስላላ!

ቦኹም ያደገው ዘፋኝ ኸርበርት ግሮነማየር በ1982 ስለ ካሪቩርስት ዘፍኗል። ጀርመን ውስጥ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ያውቀዋል። ሩሮች ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። ዘፈን ማስረጃ አይሆንም ብዬ አስባለሁ፣ ግን ለምን እንደሚወዱት ይገባኛል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የወጣ ሰው ቆሞ የሚበላው ትኩስ ነገር ቤቱ ነው።

እሺ፣ ማን ነው ትክክል? ያንተ አቋም ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንድ ካርታ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመንን አራት አገሮች ተካፍለው ነበር የያዟት። ሃምቡርግ በማን እጅ ነበረች? በእንግሊዝ። ሩርስ? በእንግሊዝ። በርሊንም ለብቻዋ ለአራት ተከፍላ ነበር፤ ወይዘሮ ሄርታ የነበሩበት ሻርሎተንቡርግ በማን ክፍል ውስጥ ነበረ? በእንግሊዝ። አያችሁ? ሦስቱም ባለቤት ነን ባዮች የእንግሊዝ ወታደር የሰፈረባቸው ቦታዎች ናቸው።

የካሪ ዱቄት ደግሞ የጀርመን ቅመም አይደለም። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ የለመዱትን ጣዕም በአንድ ቆርቆሮ ለማስገባት ያዘጋጁት ድብልቅ ነው። ወታደሮቻቸው ይዘውት መጡ። ዉስተርሻየር ሶስም የእንግሊዝ ነው። ኬቻፕ ደግሞ ከአሜሪካኖች ጋር ነው የተስፋፋው። ቋሊማ ጀርመን ጋ ድሮም ነበረ። ሥጋ ውድ ነው፣ ሰው ተርቧል፣ ገበያ ላይ ከወታደር ሰፈር የወጣ ቅመም በሲጋራ ይለወጣል። እነዚህ ነገሮች በአንድ ጊዜ ሃምቡርግም፣ ቦኹምም፣ በርሊንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ታዲያ በሦስት ዓመት ውስጥ ደባልቆ ቋሊማ ላይ ያፈሰሰው አንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ቺሉፕ የሚባለው ሶስ የወይዘሮ ሄርታ ነው፣ በዚያ አልደራደርም። ስሙን አወጡ፣ አስመዘገቡት፣ ሸጡት፣ ከተማውን አስለመዱት። ካሪ እና ቲማቲም ከቋሊማ ጋር ማገናኘት ግን የዚያ ጊዜ የእንግሊዝ ይዞታ በሙሉ የጋራ ሥራ ነው። አንድ የመጀመሪያ ሰው ፍለጋ መሄዱ ራሱ የተሳሳተ መንገድ ይመስለኛል።

ይህን ለባልደረባዬ ካርታውን ስልኬ ላይ አውጥቼ አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና "ስለዚህ የእንግሊዞች ነው እያልክ ነው?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሌላ ክርክር ሆነ።

ምሥራቅ በርሊን ውስጥስ ነበረ?

ነበረ። ኮኖፕከ የሚባል ቤተሰብ ከ1930 ጀምሮ ፕሬንዝላወር በርግ ሰፈር ቋሊማ ይሸጥ ነበር። በ1960 ካሪቩርስት መሸጥ ጀመሩ፤ ምሥራቅና ምዕራብ በርሊንን የለየው ግንብ ከመሠራቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በምሥራቅ በርሊን የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ዛሬም ከባቡሩ ድልድይ ሥር እዚያው አሉ። ከምዕራቡ ልዩነቱ ኬቻፕ እንደልብ አይገኝም ነበርና ሶሱን ራሳቸው ነበር የሚሠሩት። የምሥራቅ ሰዎች "የኛ ይሻላል" የሚሉት ክርክር የተለየ ምዕራፍ ነው፣ ውስጡ ብዙ ናፍቆት አለ።

ሻጩ "ከቆዳ ጋር ወይስ ያለ ቆዳ" ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ይህ የበርሊን ጥያቄ ነው። ሌላ ከተማ ብዙም አይጠይቋችሁም። ቆዳ የሚሉት ሥጋው የሚሞላበትን አንጀት ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንጀት ጠፍቶ ስለነበር በርሊን ውስጥ ያለ አንጀት የሚሠራ ነጣ ያለ ቋሊማ ተለመደ። ችግሩ ካለፈ በኋላ ሰው ጣዕሙን ስለወደደው ቀረ። ያለ ቆዳ ያለው ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ሲጠበስ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ባለ ቆዳው ሲነከስ ጠንከር ይላል፣ ጭሱም ይሸታል። የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ያለ ቆዳ በሉ። ምክንያቱም የበርሊን መለያው እሱ ነው።

የወይዘሮ ሄርታ ሶስ ውስጥ ኬቻፕ ነበረበት?

እሳቸው የለበትም ይሉ ነበር። የቲማቲም ድልህ ነው፣ ኬቻፕ አይደለም። በዚህም ጠንካራ ነበሩ። ዛሬ ግን አብዛኛው ቦታ ኬቻፕ ነው የሚያፈስሰው፣ እንዲያውም አንዳንዱ ቀዝቃዛ ኬቻፕ አፍስሶ ካሪ ነስንሶ ይሰጣችኋል። እኔ ይህን አልወደውም። ሶሱ ሞቆ ካልመጣ ቋሊማውን ያቀዘቅዘዋል፣ ካሪውም ዱቄቱ አፍ ላይ ይቀራል። ካሪ ዘይት ወይም ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚከፈተው። በርበሬ ቁሌት ውስጥ እንደሚከፈተው ማለት ነው። ሞቅ ያለ ሶስ ያለው ቤት ፈልጉ።

ቮልስዋገን የቋሊማ ፋብሪካ አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው! ቮልፍስቡርግ ባለው ፋብሪካው ውስጥ ከ1973 ጀምሮ የራሱ ሥጋ ቤት ቋሊማ ይሠራል። ቋሊማው እንደ መኪና መለዋወጫ የዕቃ ቁጥር አለው፦ 199 398 500 ኤ። ቋሊማው ለሠራተኛ ብቻ አይደለም፣ ሱቅ ላይም ይሸጣል። ድርጅቱ በአንድ ዓመት የሚሸጠው ቋሊማ በራሱ ስም ከሚሸጠው መኪና ይበልጣል፤ በ2024 ከ8 ሚሊዮን በላይ ቋሊማ ተሽጧል።

በ2021 ከመመገቢያ አዳራሾቹ በአንዱ ሥጋ ሲቀር ቋሊማውም ቀረ። የቀድሞው መራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደር በይፋ ተቃውመው ጻፉ። ካሪቩርስት የፋብሪካ ሠራተኛ የጉልበት ምንጭ ነው አሉ። አገሩ በሙሉ ለሁለት ተከፈለ። በ2023 ቋሊማው ወደዚያ አዳራሽ ተመለሰ። እኔ ያን ጊዜ ነው ይህ ምግብ ለነሱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ክርክሩ ስለ ሥጋ ብቻ አልነበረም፣ ሠራተኛው "የኔን ምግብ አትናቁ" ማለቱ ነው።

በሌላ ቋሊማም እንዲህ ይከራከራሉ?

ኧረ በሰፊው። ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው የፍራንክፈርት እና የቪየና ነው። በ1805 ዮሃን ጌኦርግ ላነር የሚባል ሥጋ ሻጭ ቪየና ውስጥ ቀጭን ቋሊማ መሸጥ ጀመረ። ሙያውን የተማረው ፍራንክፈርት ስለነበረ "ፍራንክፈርተር" አለው። ሆኖም የበሬና የአሳማ ሥጋ ደባልቆ ነበር የሠራው። የፍራንክፈርቱ ደግሞ የአሳማ ብቻ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ቪየና ውስጥ ፍራንክፈርተር የሚሉትን ያንኑ ቋሊማ ጀርመኖች "ቪነር" ይሉታል፣ የቪየና ማለት ነው። አንዱ በሌላው ከተማ ስም ይጠራዋል። በ1929 ጀርመን ውስጥ ፍርድ ቤት ገብተውበት፣ ፍራንክፈርተር የሚለው ስም ለፍራንክፈርት አካባቢ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሆት ዶግ ውስጥ የሚገባው የዚህ ዘር ነው።

ሁለተኛው የኑረምበርግ እና የቱሪንጊያ ነው። ይህኛው በብራና ነው። ቱሪንጊያዎች አርንሽታት ከሚባል ከተማ የሴቶች ገዳም የተገኘ የ1404 የሒሳብ መዝገብ አላቸው፤ ለብራትቩርስት የሚሆን አንጀት የተገዛበት ዋጋ ተጽፎበታል። ስድስት መቶኛ ዓመቱን አክብረውታል። ኑረምበርጎች ደግሞ የኛ ከ1313 ጀምሮ ነው ይላሉ። የኑረምበርጉ ቋሊማ ጣት የሚያህል ነው፣ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር። ለምን እንዳነሰ ሲጠየቁ፣ ሌሊት በር ከተዘጋ በኋላ በቁልፍ ቀዳዳ እንዲያልፍ ነው የሚል ተረት ይነግሯችኋል። በ16ኛው መቶ ዘመን ሃንስ ሽትሮመር የሚባል የከተማው ባላባት ዕድሜ ልክ ታስሮ፣ በቀን ሁለት ቋሊማ እንዲሰጠው ለምኖ ተፈቅዶለት 38 ዓመት በላ የሚል ታሪክም አላቸው። ወደ 28 ሺህ ይጠጋል።

የአሳማ ሥጋ አልበላም። ምን አማራጭ አለኝ?

ብዙ አለ። መደበኛው ካሪቩርስት የአሳማ ነው ወይም የአሳማና የበሬ ድብልቅ፣ ስለዚህ ሳትጠይቁ አትዘዙ። "ሪንድ" የሚለውን ቃል ያዙ፣ የበሬ ማለት ነው። በርሊን ውስጥ ቱርኮች የሚሸጡባቸው ቦታዎች ሐላል የበሬ ወይም የዶሮ ካሪቩርስት ታገኛላችሁ። ፍራንክፈርት ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ የበሬ ብቻ የሆነ ቋሊማ እዚያ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። መጥበሻው ግን አንድ መሆኑን አትርሱ። ለእናንተ ይህ ጉዳይ ከሆነ ለየብቻ የሚጠብሱ መሆናቸውን ጠይቁ፣ አይቀየሙም።

በጾም ወቅትስ?

ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነጻ የሆነ ካሪቩርስት አሁን በብዙ ቦታ አለ። "ቪጋን" ብላችሁ ጠይቁ፤ "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ እንቁላል ወይም ወተት ሊኖርበት ይችላል። ሰው የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልጨምር። ዉስተርሻየር ሶስ ውስጥ ዓሣ አለ። ስለዚህ ቋሊማው ቪጋን ሆኖ ሶሱ ዓሣ ሊኖርበት ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አላነሳውም። እሱ ከካሪቩርስት በላይ የሚያከራክር ነው።

ቤት ውስጥ ልሠራው እችላለሁ?

በደንብ። አረብ አገር ያላችሁም፣ አዲስ አበባ ያላችሁም፣ ሱፐርማርኬት የበሬ ወይም የዶሮ ቋሊማ አይጠፋም። እኔ እንዲህ ነው የምሠራው። አንድ ሽንኩርት አድቅቄ በዘይት አቁላላለሁ። ሁለት የሻይ ማንኪያ የካሪ ዱቄት እና አንድ ማንኪያ ጣፋጭ ፓፕሪካ እጨምርና ለግማሽ ደቂቃ ያህል አማስላለሁ፣ እንዳያር። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ጨው። አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ቋሊማውን ጠብሳችሁ ቆራርጡት፣ ሶሱን ከነትኩሳቱ አፍስሱበት፣ ካሪ ነስንሱበት።

ልጆቼ እንዲህ ነው የሚወዱት። ለራሴ ሚጥሚጣ አደርግበታለሁ። የጀርመኖቹ ሶስ ከማቃጠል ይልቅ ይጣፍጣል፣ ለኛ አፍ ለስለስ ይላል።

ክርክሩ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። የውጭ ሰው ቢናገር ይቀየማሉ?

በፍጹም። እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። እኔ ጀርመንኛዬን ያሻሻልኩት በዚህ ክርክር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የአየር ሁኔታ ሁለት ደቂቃ ያወያያል፣ ካሪቩርስት ግን ምሳ ሰዓት ሙሉ። ከየት እንደመጡ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ ከከተማቸው በተቃራኒ ያለውን ታሪክ አንሱ። በርሊናዊ ከሆነ 1947ን። ሃምቡርጋዊ ከሆነ "ሌና ብሩከር በእውነት ነበረች?" በሉት።

የተፈጠረበትን ቦታ ማየት ይቻላል?

ሙዚየሙ የለም። በ2009 ስድሳኛው ዓመት ሲከበር ተከፍቶ፣ በ2018 መጨረሻ ተዘጋ። የወይዘሮ ሄርታ መሸጫም የለም። ግን ካንት ጎዳና ቁጥር 101 ግድግዳ ላይ ከ2003 ጀምሮ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። በከተማ ባቡር ሻርሎተንቡርግ ጣቢያ ውረዱ፣ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።

ባልደረባዬን አንድ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1949 ሄርታ ሆይቨር በዚህ ቦታ ለካሪቩርስት የሚሆነውን የቺሉፕ ሶስ ፈጠሩ ይላል። እንደገና ወደ ላይ ተመልሶ አነበበው። ከዚያ ጣቱን "ሶስ" የሚለው ቃል ላይ አድርጎ ዞሮ አየኝ። "አየህ" አለኝ፣ "ሶሱን ነው የሚለው። ቋሊማውን አላለም።"

ምሳ እሱ ከፈለ። ያለ ቆዳ፣ ሁለት።